አንዱንም አልተውም ያለችው ዘሪቱ

እትዬ ዘሪቱን ያወቅኋት በባጃጄ ነው። አንድ ቀን አርባ ምንጭ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ላይ ተሳፋሪ እየጠበቅኩ ሳለ አንዲት ሴት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ከጎኗ አቁማ «ኮንትራት፣ ሲቀላ!» ብላ ጠራችኝ። ምንጣፍ መስሎኝ ነበር። ላነሳው ስል ከበደኝ። ብርድ ልብሱ ሸርተት ሲል ብረት ወጣ።

«ምንድነው ይሄ?» አልኳት።

«ኦክስጅን ነው።»

«እህቴ፣ እኔ ፈንጂ አልጭንም።»

«ፈንጂ ማን አለህ? አየር ነው። አሁን አንተ የምትተነፍሰው።»

«እኔ የምተነፍሰው በነጻ ነው፤ በብረት አይደለም።»

«እኔ ደሞ የኔን በብረት ነው የምተነፍሰው። ትጭናለህ ወይስ ሌላ ልጥራ? ሰዓቴ እየደረሰ ነው።»

ሰዓቴ ያለችው ምኑን እንደሆነ አልገባኝም። ብቻ ፊቷ እምቢ የሚባል አልነበረም፤ ጫንኩላት። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሲሊንደሩን እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ።

«ዓይንህን ግለጥ እንጂ!» አለችኝ ከኋላ። «እኔን የሚገድለኝ ይሄ ብረት ሳይሆን ያንተ አነዳድ ነው።»

ሱቋ ሲቀላ ነው፤ ከበሩ አጠገብ ማንጎ ዛፍ አለ። ልብስ ሰፊ ናት። ብረቱን እንዳስገባሁላት ገፍታ አስወጣችኝና የቆርቆሮውን በር ዘጋችው። ሂሳቤን ለመጠበቅ ውጪ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ እግር ወዲህ ወዲያ ሲል ሰማሁ። ጠረጴዛ ተመታ። ከዚያ «አንተ ሌባ! አንተ ሌባ!» የሚል ጩኸት መጣ። ሌባ ገብቶባታል ብዬ በሩን ልገነጥል ስል፣ ቀሚሷን ለመውሰድ አግዳሚው ላይ የተቀመጠች ደንበኛ ሸሚዜን ያዘችኝ።

«ቁጭ በል። ሌባ የለም። ራስ ምታቷን ነው የምትሰድበው።»

«ራስ ምታት እንዲህ ያስጮሃል?»

«የሷ ያስጮሃል።»

በኋላ በሩ ተከፈተ። ቀኝ ዓይኗ ቀልቶ እንባ ያወርዳል፤ ሽፋኑም ወደ ታች ወርዷል። ግራው ዓይኗ ግን ምንም አልሆነም፤ ደረቅ ነው። ባንድ ዓይኑ ብቻ የሚያለቅስ ሰው ያየሁት ያኔ ነው። «አስጠበቅኩህ አይደል?» አለችኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሲሊንደሩ ሲያልቅ የምትጠራው እኔን፣ ምሥጋናን ነው።

አሁን ስለሷ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ዘሪቱ የተወለደችው ገረሴ ነው፤ ደጋ፣ ድንች አገር። ወደ ሲቀላ የመጣችው ባሏን ክብሩን አግብታ ነው። ክብሩ አባያ ላይ ዓሣ ያሰግራል፤ ብዙ አያወራም። እሷ የምትሰፋው አብዛኛውን የመዘምራን ልብስ ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ ረጅም ሰማያዊ ልብስ ለብሰው የሚዘምሩ ሰዎች ካያችሁ እሷ ሰፍታው ይሆናል።

ሕመሙ የጀመራት ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ነው። ከቀኝ ዓይኗ ጀርባ፣ ሁልጊዜ በቀኝ ብቻ፣ ትኩስ ብረት የሚያስገቡባት ያህል። ደሞ ሰዓት ያከብራል። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይመጣል። አንዳንዴ እንቅልፏንም ይቀማታል፤ የቀኑ ግን አይቀርም። ሌላ ሰው ራሱን ሲያመው ጨለማ ፈልጎ ይተኛል። እሷ መተኛት አትችልም፤ ትንቆራጠጣለች፣ ግድግዳ ትመታለች። ሰው ይሄንን አይቶ ሰይጣን ነው አለ። ክብሩ ያኔ የተናገረውን ሠፈሩ እስካሁን እያነሳ ይስቃል። «እንዲህ ሰዓት የሚያከብር ሰይጣን ከሆነ የመንግሥት ሥራ ይስጡት» ነበር ያለው።

ያልተሞከረ የለም። ጥርስ ነው ተብሎ ደህና ጥርሷ ተነቀለ። አንዱ ሳይነስ ነው አለ፣ ሌላው መነጽር አዘዘላት። እናቷ እማማ ሊሻን ከገረሴ ዳማ ከሴ እያመጣች ጨምቃ አሸተተቻት። መጨረሻ ላይ እናቷ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ወሰደቻት፤ የጸሎት ቡድኑ ጾሞ ጸለየላት። እና ሕመሙ ተዋት።

እውነት ነው፣ ተዋት። እማማ ሊሻን በእሑድ ፕሮግራም በጉባኤው ፊት ቆማ መሰከረች። «ልጄ ድናለች! መርፌ ያቃተውን ጌታ አደረገው!» አለች። ሕዝቡ እልል አለ። የገረሴ ሰው እስካሁን ያንን ምስክርነት ያስታውሰዋል።

ወራት አልፈው ሕመሙ ተመለሰ። ያውም በሰዓቱ። ከዚያ ወዲህ ደሞ እንደ በፊቱ ትቷት የሚሄድ አልሆነም።

ዘሪቱ ሐዋሳ ሄዳ የነርቭ ሐኪም ያየችው ያን ጊዜ ነው። ሐኪሟ ሴት ናት። ዘሪቱ እንደነገረችኝ፣ ታሪኩን ሁሉ ሰምታ ስትጨርስ «በሰዓቱ ነው የሚመጣው?» ብላ ጠየቀቻት። «ይሄን ስትጠይቀኝ አለቀስኩ» አለችኝ ዘሪቱ፤ «በሁለቱም ዓይኔ።» ክላስተር የሚባል የራስ ምታት ነው አለቻት። አንዳንዱን ሰው ለወራት ይተወውና ይመለሳል፤ አንዳንዱን ጭራሽ አይለቅም። ያንቺ አሁን የማይለቀው ሆኗል አለቻት። መጀመሪያ ክኒን ብቻ ሞከሩ። ቀነሰላት እንጂ አልተዋትም። ከዚያ ሐኪሟ አንድ መድኃኒት ብቻውን አይበቃሽም፣ ሌሎችም አብረው ይሁኑ አለች።

ስለዚህ ክኒኑ በየቀኑ ነው። ለደም ግፊትም የሚሰጥ ክኒን ስለሆነ ጎረቤት ሁሉ «ግፊት ያዘሽ?» ይላታል። መጠኑ በተጨመረ ቁጥር ልቧን በማሽን ያዩላታል። ሌላው መርፌ ነው፤ አልፎ አልፎ ከማጅራቷ ከፍ ብሎ ይወጓታል። ለዚህም ሠፈሩ «ማጅራት ተነክቶ ሰው ይተርፋል?» ብሎ ነበር፤ ተረፈች። ሕመሙ ሲጀምራት ደሞ ኦክስጅን፣ ከረጢት ባለው ጭምብል፣ በኃይል እየተለቀቀ። ሐኪሟ ከጋራዥ የሚመጣውን የብየዳ ኦክስጅን እንዳትነኪ፣ እሳትም አጠገቡ እንዳይደርስ ብላ አስጠንቅቃታለች። ዳማ ከሴውንስ ብላ ስትጠይቃት፣ ማሽተቱ አይጎዳሽም፣ እንዳትጠጪው ግን አለቻት።

እኔ አንድ ቀን «እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ባንድ ላይ አይጣላም?» አልኳት።

የስፌት መኪናዋን አሳየችኝ። «የላይ ክር አለ፣ የታች ክር አለ። አንዱን ብታወጣው መኪናው ይንጫጫል እንጂ አይሰፋም። የኔም እንደዛ ነው።»

ችግሩ የመጣው እናቷ ልትጠይቃት የወረደች ቀን ነው። ከመናኸሪያ ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ አንድ ኩንታል ድንች ይዛ ነበር። ድንቹን አውርጄ ሳልጨርስ ሲሊንደሩን አየችው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ኦክስጅን ነው እማዬ።»

«ኦክስጅን ለሚሞት ሰው አይደል የሚሰጠው? አንቺ ቆመሽ ትሄጃለሽ።»

«ቆሜ የምሄደው በሱ ነው።»

«አንቺ ድነሻል! በጉባኤ ፊት ተናግሬያለሁ። ሕዝብ እልል ብሏል!»

«እልል ያለው ሕዝብ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እዚህ የለም፣ እማዬ። እኔ ነኝ ያለሁት።»

«የጌታን ሥራ በብረት ትለውጪያለሽ?»

«አልለወጥኩም። ጠዋት እጸልያለሁ፣ ክኒኔን እውጣለሁ። ሲመጣብኝ ኦክስጅኔን እስባለሁ፣ እጸልያለሁ። መርፌዬንም ስወጋ እጸልያለሁ።»

«ሁለት ወዶ አይሆንም፣ ዘሪቱ!»

«ሁለት አይደለም እማዬ፤ አራት ነው።»

እማማ ሊሻን ነጠላዋን ሰበሰበች። «ይሄ ብረት ከዚህ ቤት እስካልወጣ ውሃሽን አልጠጣም» አለች። አልተቀመጠችም። ድንቹ ደጃፍ ላይ ቀረ፤ እሷን መልሼ መናኸሪያ አደረስኳት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየከረረ ሄደ። ስልክ ሲደወልላት እናቷ አታነሳም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ዘሪቱ ለማስቃላ ብላ ጥሩ ቀሚስ ሰፍታ ላከችላት። ቀሚሱ እንደታሸገ፣ ቋጠሮው ሳይፈታ በዚያው መኪና ተመልሶ መጣ። እሱን ከመናኸሪያ አምጥቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ቋጠሮውን ፈታችና ቀሚሱን ከሱቁ ፊት፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት ሰቀለችው።

«ትሸጪዋለሽ?» አልኳት።

«አልሸጠውም። ባለቤቱ እስክትመጣ ይሰቀላል።»

ማስቃላን ለማያውቅ ልንገር። ለኛ ለጋሞ ሰዎች ማስቃላ ማለት ሁሉም ወደ ትውልድ ቤቱ የሚገባበት የመስቀል በዓል ነው። ጴንጤውም ሌላውም ይገባል። የተጣላ ሰው ደሞ ሳይታረቅ ወደ በዓሉ አይገባም፤ ሽማግሌዎች ቀድመው የተጣላውን እየፈለጉ ያስታርቃሉ። ዘሪቱ ከእናቷ ጋር ካልታረቀች ልጆቿን ይዛ ገረሴ መውጣት አትችልም። ብትወጣም የማን ቤት ልትገባ ነው? እታረቃለሁ ካለች ደሞ ኦክስጅኑን ልትጥል ነው። ሁለቱም እሾህ ነው።

በዓሉ ሲቃረብ ከገረሴ ሦስት ሽማግሌዎች ወረዱ። እማማ ሊሻን ከኋላ በሌላ ባጃጅ መጣች፤ ሽማግሌዎቹን የጫንኩት እኔ ነኝ። ትልቁ አባባ ገነነ ይባላሉ። የዘሪቱ ሱቅ ሊደርስ ሲል «እዚህ አቁም ልጄ» አሉኝ። ወርደው ከቦዩ ዳር እርጥብ ሳር መንጨት ጀመሩ።

«አባባ፣ ሳሩ ለምንድነው?»

«ልጃችንን ልንለምንባት ነው።»

በኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ያለቀ ነገር ነው። ያንን ሳር ተሻግሮ የሚያልፍ የለም። የተቆጣ ወጣት ዱላውን ይጥላል፤ እንኳን ሰው መኪናም ይቆማል። አለቀላት አልኩ በልቤ። አንደኛው ሽማግሌ ራሳቸው ሳሩን እያዩ ሳቅ አሉ፤ «ሳር ድሮ ለደም ነበር፤ አሁን ለክኒንም ሆነ» አሉ። አባባ ገነነ «ዝም በል፤ ለእናትና ለልጅ ነው» አሏቸው።

ዘሪቱ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች፤ እግሯ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ተዘርግቷል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ደጃፏ ላይ ተንበረከኩ፤ ሳሩን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ገበያተኛው ቆመ። እማማ ሊሻን ከመንገዱ ማዶ ጃንጥላ ይዛ ቆማለች።

«ልጄ ዘሪቱ» አሉ አባባ ገነነ፣ «ማስቃላ ደርሷል፤ የእናትሽ ምድጃ ግን አልሞቀም። ይሄንን ብረት ተዪውና ከእናትሽ ጋር ውጪ። እምቢ ካልሽን አንነሣም።»

«አባቶቼ፣ ተነሡልኝ። ጉልበታችሁን ታሳምማላችሁ።»

«እሺ በይና እንነሣለን።»

«እሺማ አልልም።»

ሕዝቡ ጉድ አለ። «ኧረ ሴትዮዋ!» አለ አንዱ። «ሳር ተይዞባት እኮ ነው!»

ዘሪቱ መቀሷን አስቀመጠች። በፊት በኩል መውጣት አትችልም፤ ሳሩ አለ። በጓሮ በር ወጥታ ስትዞር አየኋት። ልትሸሽ መሰለኝ፤ የሁላችንም ሐሳብ ያ ነበር። እሷ ግን ወደ ቦዩ ወረደች። ጎንበስ ብላ አንድ እፍኝ ሳር ነጨች። ተመልሳ መጣችና ከሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት እንደነሱ ተንበረከከች፤ ሳሯንም ያዘች።

«እኔም እለምናችኋለሁ» አለች። «ከእናቴ አስታርቁኝ፤ መድኃኒቴን ግን አታስጥሉኝ። እምቢ ካላችሁኝ እኔም አልነሣም።»

አባባ ገነነ ዓይናቸው ፈጠጠ። «ሴት ልጅ በሽማግሌ ላይ ሳር ትይዛለች?»

«ሳሩ ወንድ ሴት ይላል እንዴ አባባ? ከቦይ ነው የነጨሁት፤ ማንም አልከለከለኝም።»

አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው አስጠነቀቀው። ሦስት ሽማግሌ ባንድ በኩል፣ አንዲት ሴት በሌላ በኩል፣ ሁሉም ተንበርክከው። የሲቀላ ፀሐይ ታውቋታላችሁ፤ ደጋ ለለመደ ሰው እሳት ናት። አንዲት አትክልት ሻጭ መጥታ ጃንጥላዋን ሽማግሌዎቹ ላይ ያዘችላቸው። ለዘሪቱ ማንም አልያዘላትም። አንድ ባጃጅ «መንገድ!» ብሎ ጥሩንባ ሲነፋ ሰው ሁሉ ዞሮ ተቆጣው፤ ሞተሩን አጠፋ።

እንደዚያ ሆነው ሳለ የሷ ሰዓት ደረሰ።

መጀመሪያ ያወቅኩት በዓይኗ ነው። ቀኙ መቅላት ጀመረ። አፍንጫዋ በዚያው ወገን ፈሰሰ። መወዛወዝ ጀመረች። ከተነሣች ቀድማ ተነሣች ይባላል፤ ልመናዋም ይፈርሳል። አልተነሣችም።

«ምሥጋና» አለችኝ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ «ብረቱን እዚህ አምጣልኝ።»

በጓሮ ገብቼ እየጎተትኩ አመጣሁት። ወፈር ያለ ድምፅ ከኋላ «አምጥቶ ሊያፈነዳው ነው!» አለ። ሲጋራ የያዘ ሰው አየሁ፤ «አጥፋ! አጥፋው!» ብዬ ጮህኩበት። እኔ በሰው ፊት ጮሄ አላውቅም። እሷ በያዘችው ሳር ጭኗን ትመታለች፣ ትመታለች። ሳሩ ከእጇ አልወጣም። ጭምብሉን በግራ እጇ ፊቷ ላይ አደረገችው። መክፈቻውን አዞርኩት፤ ከረጢቱ ተነፋ።

እማማ ሊሻን ከማዶ ስታይ ቆየች። ድሮ ልጇን ሲያማት ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትጸልየው፤ አሁን ዓይኗ ተገልጧል። ድንገት ጃንጥላዋን ጣለችና መንገዱን ተሻግራ መጣች። ከልጇ ጎን ተንበርክካ እጇን የዘሪቱ ራስ ላይ ጭና ጮክ ብላ መጸለይ ጀመረች። በሙሉ ኃይሏ ነው የተደገፈችባት።

ዘሪቱ ጭምብሉን ትንሽ ገለጥ አድርጋ «እማዬ፣ ጸልዪ! ክርንሽን ግን ከቱቦው ላይ አንሺልኝ!» አለች።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። እማማ ሊሻን ደንግጣ ክርኗን አነሳች፤ ጸሎቷን ግን አላቋረጠችም። እናትየው ትጸልያለች፣ ልጅቱ ትስባለች፤ እንደዚያ ቆዩ። ቀስ በቀስ መወዛወዟ ቀነሰ። ትከሻዋ ወረደ። ጭምብሉን አወለቀች።

«ሃሌሉያ!» አለች እማማ ሊሻን ብድግ ብላ። «አያችሁ? ጌታ ነው!»

«ነው» አለች ዘሪቱ።

«እንግዲያው ብረቱ ይውጣ!»

«አይወጣም።»

አባባ ገነነ «ሊሻን» አሉ፣ «እኔ ዓይኔ ያየው ሁለቱንም ነው። የትኛው እንደሠራ አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለች ዘሪቱ። «ጸሎት ብቻ ሲሆን ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ክኒን ብቻ ሲሆንም አይቻለሁ። የታመመችው የኔ ራስ ናት። አንዱንም አልተውም። እዚሁ ተንበርክኬ ማስቃላ ይለፈኝ እንጂ አልተውም!»

ያኔ እማማ ሊሻን ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እኔስ?» አለች። «በጉባኤ ፊት የቆምኩት እኔ ውሸታም ልሁን?»

ለካ ይሄ ነው ነገሩ።

«አልዋሸሽም እማዬ» አለች ዘሪቱ። «ያን ጊዜ ትቶኝ ነበር፤ ያየሽውን ተናገርሽ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የምናገረው ደሞ እኔ ነኝ። ራሴ ወጥቼ በጉባኤው ፊት እናገራለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«እውነቱን።»

«ብረቱን ይዘሽ?»

«ይዤ።»

እናትየው ወደ አባባ ገነነ ዞራ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። አባባ ገነነ እጃቸውን ዘርግተው የዘሪቱን ሳር ተቀበሉና ከራሳቸው ሳር ጋር ደባለቁት። «ሁለት ወገን ሳር ከያዘ አንዱ ብቻ እሺ ሊል አይችልም» አሉ። «እሷ መድኃኒቷን አትተውም። አንቺም ውሃዋን ትጠጫለሽ። በሉ አንሡኝ፣ ጉልበቴ አልቋል።» አራቱም ባንድ ጊዜ ተነሡ። አባባ ገነነን ያነሳናቸው እኔና ዘሪቱ ነን።

እማማ ሊሻን ገብታ ተቀመጠች፤ ዘሪቱ ውሃ ሰጠቻት። ጠጣችና «የናንተ አገር ውሃ ይሞቃል» ብላ አጉረመረመች። ከዚያ የተሰቀለውን ቀሚስ አየችው። ማንም ሳይነግራት አውርዳ ለካችው። «ወገቡ ይጠባል» አለች። ዘሪቱ «ይሰፋል» አለች።

ማስቃላን ዘሪቱና ልጆቿ እናቷ ቤት ዋሉ፤ ከበዓሉ በኋላ ባለው እሑድ ደሞ እኔም አብሬ ገረሴ ወጣሁ፤ ሲሊንደሩን የሚሸከም ሰው ያስፈልግ ነበር። ክብሩም መጣ፣ ልጆቹም መጡ። የሚኒባሱ ሹፌር እንደኔው ፈንጂ አልጭንም ብሎ ነበር፤ ልትወስደን የወረደችው እማማ ሊሻን ራሷ «ፈንጂ ማን አለህ?» ብላ ጮኸችበት።

ፕሮግራሙ ላይ ምስክርነት ያለው ይምጣ ሲባል ዘሪቱ ወጣች። ብረቱን አጠገቧ አቆምኩላት።

«ጌታ ይመስገን» አለች። «አልዳንኩም።»

ሰው ሁሉ ወደ እማማ ሊሻን ዞረ።

«እናቴ ድናለች ያለቻችሁ ያን ጊዜ ትቶኝ ስለነበር ነው፤ እሷ አልዋሸችም። ተመልሷል። አሁን ክኒን እውጣለሁ፣ ማጅራቴን እወጋለሁ፣ ይሄን እስባለሁ፣ እናንተም ትጸልዩልኛላችሁ። በነዚህ ሁሉ እሠራለሁ፣ ልጆቼን አሳድጋለሁ። ከመሃላችሁ አንዱን ተዪ የሚለኝ ካለ፣ መጀመሪያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲቀላ ይምጣና አጠገቤ ይቀመጥ። ከዚያ ይንገረኝ።»

እልል ያለ የለም። አንዳንዱ አንገቱን ደፋ፤ ከኋላ «ይሄ ምስክርነት ነው?» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። እማማ ሊሻን አዲሱን ቀሚስ ለብሳ ከፊት ተቀምጣ ነበር። ብድግ ብላ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«አሜን በሉ እንጂ! ምን አፋችሁን ዘጋው?» አለች።

አሜን አሉ። ሁሉም አይደለም፤ ግን አሉ። እስካሁን ከዘሪቱ ጋር የማይስማሙ አሉ፤ መድኃኒት ይዛ መድረክ ላይ ወጣች ብለው ያሟታል። እሷ ሰምታ ስፌቷን ትቀጥላለች።

ስንወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ አንድ ገበሬ ጠበቃት። ሰው እንዳያየው ግራ ቀኝ አየና ግራ ዓይኑን በጣቱ ነካ። «እህቴ፣ የኔ በዚህ በኩል ነው» አላት። «ያንቺ… በሰዓቱ ነው የሚመጣው?» ዘሪቱ ክንዱን ይዛ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ሚኒባሱ ጥሩንባ ሲነፋ፣ «ይሂድ» አለች። በሚቀጥለው መኪና ነው የተመለስነው። ሰውየው አሁን ሐዋሳ ሄዶ ታይቷል፤ ምን እንደታዘዘለት እኔ አላውቅም።

ዘሪቱ አልዳነችም። ሕመሙ ግን እንደ በፊቱ በየቀኑ አይመጣም፤ ሲመጣም ቶሎ ይሄዳል። ልብስ ትሰፋለች። ስለዚህ እናንተ ይሄን ያነበባችሁ፣ ወደ አርባ ምንጭ ከመጣችሁ ሂዱና ጠይቋት። ሲቀላ ወርዳችሁ ማንኛውንም ባጃጅ «የመዘምራን ልብስ ሰፊዋ ዘሪቱ ጋ» በሉት፤ ያደርሳችኋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደርሳችሁ በሩ ተዘግቶ ካገኛችሁት አትመለሱ፤ አግዳሚው ላይ ጠብቋት፣ ትወጣለች። እናንተን ወይ የናንተን ሰው እንዲህ ያለ ሕመም ከያዘው ደሞ አትፈሩ፣ ንገሯት። ምንም ይዛችሁ መሄድ የለባችሁም። ሰው ሲመጣባት ደስ ይላታል።